በበሬው ጉሮሮ የገባ እጅ

በይምርሐነ ክርስቶስ አቅራቢያ ባለች አንዲት መንደር ከብት ድንች ሲያንቀው የሚጠራው ሰው ቢሆነኝ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ይሰድና ድንቹን ጎትቶ ያወጣል። በዚህ እጁ ያተረፈው ከብት ብዙ ነው። መመስገንም አይጠላም፤ እውነቱን ለመናገር ይወዳል።

አንድ ሰኞ የገዛ በሬው፣ ቦራ፣ መብላት ተወ። አንገቱን አስግጎ በጎረነነ ድምፅ ያጓራል፤ ለሃጩም ይዝረበረባል።

"ድንች ነው!" አለ ቢሆነኝ፣ ሳያመነታ። ጎረቤቱን ይታገሱን ጠርቶ የበሬውን ምላስ አስያዘውና እጁን ሰደደ። ቢፈልግ ቢፈልግ ድንች የለም። የበሬው ጥርስ ግን ጣቱን ጫረው።

በማግስቱ የበሬው የኋላ እግሮች ተብረከረኩ። ጎረቤቶች "ሳይሞት አርደን እንካፈለው" እያሉ ቢላ ሲስሉ፣ ሚስቱ የሻረግ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋን ማኅሌትን ይዛ መጣች። ማኅሌት ራቅ ብላ ቆማ በሬውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

"ጋሽ ቢሆነኝ፣ ውሻ ነክሶት ነበር?"

"ከሁለት ወር በፊት አንድ መጤ ውሻ አፍንጫውን ነክሶት ነበር። ቁስሉማ ድኗል።"

"ቁስሉ ቢድንም በሽታው በነርቭ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ይመስለኛል፤ መዋጥ ያቃተው ጉሮሮው አልታዘዝ ብሎት ነው። ሥጋውን ማንም እንዳይነካ! ሲሞት ጭንቅላቱን ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ፤ እርግጡ የሚታወቀው ከአንጎሉ ነው። በሽታው በለሃጭ ይተላለፋል። አፉ ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው አለ?"

ቢሆነኝ ጣቱን በጋቢው ሸሸገ።

"ከሱ ሌላ ማን ይሆናል!" አለች የሻረግ።

"አሁኑኑ በሳሙናና በውኃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ይታጠቡ። ከዚያ ለክትባት ይሂዱ።"

"በዚህ የአጨዳ ወቅት፣ ለተጫረች ጣት ላሊበላ ድረስ? ውጤቱ ይምጣና እሄዳለሁ።"

"ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም። ውጤት አይጠበቅም። ምላሱን የያዘውስ ማን ነው?"

ቢሆነኝ ይታገሱ ትዝ አለው። ይታገሱ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ መዳፉም ላይ የማጭድ ቁስል ነበረበት። ለራሱ ያልፈራው ሰው ለጎረቤቱ ፈራ። "እኔ ነኝ ያስያዝሁት" እያለ ወደ ይታገሱ ቤት ሮጠ። ሁለቱም በደንብ ታጥበው የዚያኑ ዕለት ላሊበላ ገቡ።

በሬው ሐሙስ ሞተ። ማኅሌት ጓንትና ጭንብል አድርጋ ጭንቅላቱን ወሰደች፤ የቀረው በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረ። ውጤቱ የመጣው ሁለቱ ሰዎች ሦስተኛውን መርፌ ከተወጉ በኋላ ነበር። ማኅሌት የፈራችው በሽታ ሆኖ ተገኘ። ስንቶቻችን ነን ውጤት እንጠብቅ እያልን ሕይወታችንን የምናጣ!

እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ቢሆነኝ በምእመናኑ ፊት ቆመ።

"ወገኖቼ፣ በዚህች እጄ ኮርቼ ይታገሱን ልገድለው ነበር። ከእንግዲህ ከብት አልውጥ ሲል፣ ለሃጩ ሲዝረበረብ፣ እኔን አትጥሩኝ፤ ማኅሌትን ጥሩ። ውሾቻችሁንም አስከትቡ።"

"ድንቹንስ ማን ሊያወጣው ነው?" አሉ አንድ አዛውንት ከኋላ፣ ሊያሾፉበት።

"ድንች መሆኑን መጀመሪያ እሷ ትንገረን፣ አባቴ" አለ ቢሆነኝ።