የወይዘሮ ትርንጎ ዳንቴል

ጨረቃ ላይ በተቆረቆረችው ከተማ፣ በደብረ ጨረቃ፣ የጠዋቱ ዝናብ በሰዓቱ ተለቀቀ። ከመስታወቱ ሰማይ የሚወርደው ጠብታ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ መስኮቱን ቢነካም፣ ወይዘሮ ትርንጎ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ልባቸው ያለው ጌም ማጫወቻው ላይ ነበር።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለና ዲስኩን መልሶ ተፋው።

“እማዬ፣ አለቀልኝ!” አለች የልጅ ልጃቸው ማርዳ። “አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ እኮ!”

ፈተናው በስድስት ሰዓት ነው። የጠፈር አብራሪዎች ትምህርት ቤት ተማሪ የሚመርጠው እያንዳንዱ እቤቱ ሆኖ በሚጫወተው ጌም ነው፤ ያውም በዲስክ፤ የፀሐይ ማዕበል በነፈሰ ቁጥር ሌላው ማህደር ሁሉ ተጠርጎ ይጠፋልና። ዛሬ ያመለጠው፣ ወደ ሳተርን የምትሄደውን መርከብ ዘጠኝ ዓመት ይጠብቃል።

ወይዘሮ ትርንጎ ያቺን መርከብ አይወዷትም። ማርዳን ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እዚያ ብርድ ቢመታትስ? ማን ይደርብላታል?

“ፈታሽ፣ ና እስቲ!” አሉ። ፈታሽ መዳፍ የሚያክል፣ የዕቃ በሽታ የሚመረምር ተናጋሪ ማሽን ነው።

“ሌንሱ ቆሽሾ ይሆናል” አለ።

ማርዳ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታች። ነጥረው እንዳይበተኑ ወይዘሮ ትርንጎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። ሌንሱን አልኮል በነካ ጥጥ ጠረጉት። ዲስኩ ገባ። ጠቅ፣ ጠቅ። ወጣ።

“ይጣል” አለ ፈታሽ። “አዲስ ቢታዘዝ በሦስት ቀን ይደርሳል።”

“አንተን ይጣልህ!” አለች ማርዳ። “ሃያ ደቂቃ ቀረኝ!”

ወይዘሮ ትርንጎ መነጽራቸውን አጥልቀው አጎነበሱ። ዲስኩን ስቦ በሚያስገባው ጎማ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሟል። ክው አሉ። አቧራ እንዳይነካው ብለው፣ እንደ ቤታቸው ዕቃ ሁሉ፣ ማጫወቻውን ያለበሱት የገዛ እጃቸው ዳንቴል ነው! ሲገፉት ሲመልሱት ጫፉ ተተልትሎ ገብቷል።

ማርዳ አላየችም። ዝም ቢሉ ስድስት ሰዓት ያልፋል፤ ልጅቱም ከጉያቸው አትወጣም። ቀና ሲሉ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አዩ።

“ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኪሮሼን አምጪልኝ፣ ቶሎ በይ!”

ቆልማማዋን የዳንቴል መርፌ ከጎማው ሥር ሰደዷት። ሳቡ፤ ክሩ ተበጠሰ።

“ቀስ እማዬ!”

“ዝም በይ፣ እጄን አታስደንግጪው!”

ደግመው ሳቡ። የቀረው ክር እየተፈተለ ወጣ።

ዲስኩ ገባ። ዞረ! የሳተርን ቀለበት ግድግዳው ላይ ቦግ ሲል ማርዳ እልል ብላ ዘለለች፤ ጣሪያውን ልትመታ ምንም አልቀራት።

“ራስሽን! ራስሽን!” ሲሉ፣ ለካ እሳቸውም ከወለሉ አንድ ክንድ ተነስተዋል።

“የብልሽቱን ምክንያት ምን ብዬ ልመዝግብ?” አለ ፈታሽ። “አቧራ? ዝገት? ጨረር?”

“ስስት ብለህ ጻፍ።”

“ስስት የሚባል ብልሽት ዝርዝሬ ላይ የለም።”

“ጨምረዋ! ሰው በደረሰበት ሁሉ ታገኘዋለህ፤ ሳተርንም ላይ።”

ማርዳ መሪውን ጨብጣ ቀለበቱን መሰንጠቅ ጀመረች። የወይዘሮ ትርንጎ እጅ በልማድ ዳንቴሉን አንስቶ ወደ ማጫወቻው ዘረጋ፤ ከመንገድ ግን ተመለሰ። ምን ያድርጉት እንግዲህ? ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

“ብርድ እንዳይመታሽ ብዬ ነው” አሉ። “ብረሪ፣ ብረሪ!”