የስተርጅና ሙሽሮች

በ1974 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ወደ ናዝሬት የመጡት ተመራማሪዎች መልሱን አስቀድመው ይዘውት ነበር፤ የቀራቸው ጥያቄውን መጠየቅ ብቻ ነው። ሰው አርጅቶም ጤነኛና ደስተኛ የሚሆነው ረጅም ትዳር ሲኖረው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዘመናይም ከእነሱ አንዷ ናት። የሞጆ ልጅ ብትሆንም ኦሮምኛዋ ከሰላምታ አያልፍም፤ ስለዚህ መርዳሳ የሚባል የናዝሬት መምህር አስተርጓሚ ሆነላት።

መርዳሳ የአዛውንቶቹን ቃል አንዲት ሳይጥል ይተረጉማል። የራሱን ግን አይናገርም። በሶደሬ መንገድ ከመንደር መንደር ሲዞሩ፣ ፀሐይ ስትመታት ጥላውን ይለቅላታል፤ ቀና ስትል ዓይኑን ወደ አዋሽ ያሸሻል። እሷም ገብቷታል፤ እንዲናገር ትጠብቃለች። በወሩ መጨረሻ ለአምስት ዓመት ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ትሄዳለች። ሳይናገር ከሄደች ነገሩ በዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

አንድ ረፋድ ኦቦ ጉተማ ቤት ደረሱ። ሽማግሌው ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ያገኟቸው ግን ጣሪያ ላይ ሆነው የጎጇቸውን ክዳን ሲያድሱ ነው። ሚስታቸው እማማ ተሻለች ከታች ሆነው ሣር ያቀብላሉ፤ በአማርኛ ይቆጣሉ፣ በኦሮምኛ ይመርቃሉ። ሽማግሌው ከጣሪያው ሲወርዱ ዘመናይ የደም ግፊታቸውን ለክታ አላመነችም፤ ደግማ ለካች። የጎልማሳ ነው።

«ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?» አለች፣ ስልሳ ብላ ልትጽፍ ብዕሯን አዘጋጅታ።

«ሰባት» አሉ እማማ ተሻለች። «ምነው ደነገጥሽ? ገና ሙሽሮች ነን!»

በወጣትነታቸው ተፈላልገው ነበር። የእማማ ተሻለች አባት ባለርስት፣ ጉተማ የጭሰኛ ልጅ። ለሌላ ዳሯቸው፤ ያም ባል ሞተ፤ ብዙ ዘመን አለፈ። የመሬት አዋጁ ታውጆ ባለርስትና ጭሰኛ መባሉ ሲቀር ነው ሁለቱ ሽበታሞች ጎጆ የወጡት።

ዘመናይ ብዕሯን አስቀመጠች። ጉተማ ሚስታቸውን የሚያዩት ትናንት ገበያ ላይ እንዳገኟት ኮረዳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በምድር ላይ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን የገባች ያህል ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ኦቦ ጉተማ፣ ከሁሉ የሚቆጭዎት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው በኦሮምኛ ረዘም አድርገው መለሱ። መርዳሳን ላብ አጠመቀው።

«ምንም አይቆጨኝም ነው ያሉት» አለ።

እማማ ተሻለች በሳቅ ፈነዱ። «ኧረ አንተ ልጅ፣ ባሌን አታስዋሸው! ያለውን እኔ ልንገርሽ፤ ‹ባሏ ከሞተ በኋላ እንኳ ፈርቼ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። አንተም እንደኔ ዝም ብለህ እንዳታረጅ፤ ይቺን ልጅ በምን ዓይን እንደምታያት እንኳን እኔ በሬዎቼም ያውቃሉ› ነው ያለው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ የኛ ነቅዟል!»

ዘመናይ ወደ መርዳሳ ዞረች። «እውነት ነው?»

«አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም።»

«ሥራው አልቋል። አሁን ከራስህ ተናገር።»

በሬዎቹ ሲያመነዥኩ ይሰማል።

«እወድሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ትምህርትሽን እንዳትተዪ፤ እጠብቅሻለሁ። ግን አባትሽ... እኔም እኮ የጭሰኛ ልጅ ነኝ።»

የዘመናይ አባት አቶ አብተው በዚያው አዋጅ መሬታቸውን ያጡ ሰው ናቸው። ያን ቀን ሲያስታውሱ እስከዛሬ ምግብ አይበላላቸውም።

«ሽማግሌ ላክ» አለች።

እሑድ ኦቦ ጉተማ ራሳቸው ሁለት ሰዎች አስከትለው ሞጆ ሄዱ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥምና በትራቸውን ተደግፈው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። ዘመናይ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማለች።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ አቶ አብተው።

«ጭሰኛ ልጅ ነው» አሉ ጉተማ በተሰባበረ አማርኛቸው፤ «እንደኔው።»

አቶ አብተው ፊታቸው ጠቆረ። ተቀመጡ አላሉም። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ሽማግሌው በትራቸውን ይበልጥ ተደገፉ፤ ቢሆንም ንቅንቅ አላሉም።

ያኔ ደጅ እንዲጠብቁ የተነገራቸው እማማ ተሻለች ሥርዓቱን ጥሰው ገቡ።

«አቶ አብተው፣ እኔም እንደርስዎ የባለርስት ዘር ነኝ። የዚህ ሰው አባት እኔን ለልጃቸው ሊጠይቁ መጥተው፣ አባቴ ፊት እንዲሁ ቆመው ዋሉ። ተቀመጡ ሳይባሉ ተመለሱ። እኔ መጋረጃ ውስጥ ሆኜ አያለሁ። መሬቱን እንደሁ እርስዎም እኔም አጥተነዋል፤ ያን ቀን የተወሰደብኝ ግን መሬት አይደለም፣ ዕድሜዬ ነው።»

አቶ አብተው ወደ ጓዳው ዞር አሉ። ከመጋረጃው ሥር የልጃቸው እግር ይታያል። ከዚያ ተነሡና ማንንም ሳይጠሩ የራሳቸውን ወንበር ተሸክመው ጉተማ አጠገብ አኖሩት።

«ይቀመጡ» አሉ።

ጉተማ ወንበሩን እያዩ ቆመው ቀሩ።

«ተቀመጥ እንጂ» አሉ እማማ ተሻለች፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፤ «ስለ አባትህም ተቀመጥ።»