የአካጋሪ ቤት መቀርቀሪያ

እመቤት ቶሚ ነገሩ የገባት ልጇ ናኦሂሳ ድልድዩን ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ነበር። የራስ ቁሩን ማሰሪያ አገጩ ሥር ያሰረችለት እሷው ናት፤ ገመዱ አጥሯት ጣቶቿ ተቸግረው ነበር። ስለ ስንቁና ስለ ብርዱ ስትጨነቅ ግን ልብ አላለችም። የማሰሪያው ጫፎች ተቆርጠዋል።

በሆሺራ ምድር ማሰሪያውን የቆረጠ ሳሙራይ ቋጠሮውን ዳግም ላለመፍታት ወስኗል ማለት ነው። ከዘመቻው አይመለስም።

«ናኦሂሳ!» ብላ ጮኸች። ነፋሱ ድምጿን ወደ ግቢው መለሰው።

የአካጋሪ ምሽግ በር መቀርቀሪያ መብረቅ ከመታው ጥንታዊ ዝግባ የተጠረበ ነበር፤ በጦርነት የወደቁ ሙታን የሚፈሩት እሱን ብቻ ነው። የአካጋሪ ቤት ጠላቶች የሆኑት ኩሮማዎች ሰርቀው ለሙታን ንጉሥ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ በሩ በራሱ ይከፈታል። ሙታኑ ዝገት የበላው ጥሩር ለብሰው ይገቡና አንድ ሰው በስሙ ይጠራሉ፤ የተጠራውም ዝም ብሎ ይከተላቸዋል። መጀመሪያ የተጠራው የናኦሂሳ አባት፣ የጎሳው አለቃ ነበር።

ወራሹም በአባቱ ባዶ ምንጣፍ ፊት ተንበርክኮ ማለ፦ «በዚህ ጣሪያ ሥር ያለ ሕፃን ሁሉ ሙታን ስሜን ይጠራሉ ብሎ ሳይፈራ እስኪተኛ ድረስ፣ ሰይፌ ወደ ሰገባው አይመለስም!»

በጉዞው ላይ ሽማግሌው ጋሻ ጃግሬው ጎንባ ሊያስቀው ሞከረ።

«ጌታዬ፣ ማሰሪያዎን ምን ነካው? አይጥ በላው እንዴ?»

«ተው ጎንባ። ለእናቴ እንዳትነግራት።»

«እሳቸውማ የሚገድሉት እኔን ነው!»

የሙታን ንጉሥ በሚኖርበት ሸለቆ አፍ የጠበቋቸውን ኩሮማዎች በትነው፣ እነሱም እየደሙ ወደ ሸለቆው ጭጋግ ገቡ። የሙታን ንጉሥ ፊት አልነበረውም። መቀርቀሪያው ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል።

«ከእኔ ዘንድ የሚወጣ ዕቃ የለም፤ ሕያው ሰው ካልተተካበት» አለ።

«እኔን ውሰደኝ!» አለ ጎንባ። «ጥርስ የለኝም፣ ምግብም አልጨርስብህም!»

«የምፈልገው የቤቱን አለቃ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ናኦሂሳ። ወደ ፊት ተራመደ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎንባ መቀርቀሪያውን ተሸክሞ እያለቀሰ ወደ ምሽጉ ገባ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጭጋጉ ተከትሎት መጣ፤ በጭጋጉ ውስጥ ሙታኑ። ናኦሂሳ ከመካከላቸው ወጥቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ሰይፉን መዝዞ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«ግባ እንጂ ልጄ! ምን ትጠብቃለህ?» አለች ቶሚ ከበሩ ውስጥ።

«አልገባም፣ እማዬ። ዝጊው።»

«ብርዱስ?»

«አይበርደኝም።»

ዘወር ሲልላት አገጩ ሥር ያሰረችው ቋጠሮ እንዳለ ነበር። ከአፉ ግን በዚያ ሁሉ ውርጭ እንፋሎት አልወጣም።

ከግቢው ሕፃን አለቀሰ። ከሙታኑ አንዱ ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ።

ቶሚ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ጎንባ መቀርቀሪያውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

«ስጠኝ» አለችው።

በገዛ እጇ ቀረቀረችው።