የነጣው ቁራ

ሚጢ የሳይንስ ክበቡን በር ከፍታ ስትገባ ቁራው የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳው ላይ ላባ በላባ የሳለችው ጥቁር ወፍ ከእግር እስከ ራሱ በነጭ የውሃ ቀለም ተለቅልቋል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ብሩሽ የያዘችው ጓደኛዋ ቀና አላለችም። በቁመቷ የተነሳ ሎጊት ይሏታል። ሚጢ ልትስል፣ ሎጊት ደግሞ በነገው ኤግዚቢሽን ላይ ልታስረዳ ነበር የተስማሙት። «ቲቸር ነው ያለው» አለች። «ቁራው ይደብራል፣ አንጡት አለኝ።»

የሚጢ ደም ፈላ። የጥንት አልኬሚስቶች ተራ ብረትን ወርቅ እናደርጋለን ብለው ሲደክሙ፣ የሥራቸውን ደረጃዎች በወፍ ይሰይሙ ነበር። ሁሉም ተቃጥሎ ሲጠቁር ቁራ፣ ታጥቦ ሲነጻ ነጭ እርግብ፣ በመጨረሻም ከእሳት የሚነሳ ቀይ ወፍ ይሉታል። ሚጢ የሳለችው እነዚህኑ ሦስቱን ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ነጭ ወፎች ጎን ለጎን ተገትረዋል። ታዲያ ምኑ ታጥቦ ነው የነጻው?

ነገሩ የገባት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከብር ሠሪዋ አክስቷ ነው። ብር ከእሳት ሲወጣ ጥላሸት ይመስላል፤ አክስቷ አሲድ ባለበት ውሃ ቀቅላ፣ በብሩሽ ፈትጋ ታነጣዋለች። ሥራ ስታስረክብ ግን ሁልጊዜ አንዲት ያልታጠበች ቁራጭ አጠገቡ ታስቀምጣለች፤ ምን እንደታጠበ ይዩት ብላ። ነገ ሱቋን ዘግታ ልትመጣ ቃል ገብታለች።

ሚጢ በቀጥታ መምህሩ ዘንድ ሄደች። መምህሩ ስዕሉን ጭራሽ አላየውም። ማን በስሜ እንዳወራ ንገሪኝ አላት። ስሟን ብትጠራ ሎጊት ነገ ማይክ እንደማትይዝ ታውቃለች፤ ሰውየው በውሸት ቀልድ አያውቅም። የሎጊት ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ነገ ጠዋት ይነገርዎታል» ብላ ወጣች።

ስትመለስ ሎጊት ፊቷን አይታ ነገሩ ገባት። የክፍል ልጆች የለቅሶ ክበብ እያሉ ሙድ እንደያዙባት፣ እዚያ ቁራ ሥር ቆማ ማውራት እንዳፈረች ተናዘዘች።

«ይሄንኑ ለኔ መንገር አቃተሽ?» አለች ሚጢ። «ጓደኛሽ ነኝ እኮ። አላደርግም ብትዪኝ ይሻል ነበር፤ ዋሸሽኝ።»

ሎጊት ብሩሹን አስቀመጠች።

ቁራው የተሳለው ውሃ በማያስለቅቀው ቀለም ነው፤ ነጩ ግን ውሃ ሲነካው ይለቃል። ሚጢ ራሷ ብታጥበው ዐሥር ደቂቃ አይፈጅባትም። ባልዲ ሙሉ ውሃ አመጣች፣ ጨርቅ ነክራ ጨመቀችና ለሎጊት ዘረጋችላት።

«ቀስ አድርገሽ። ከራሱ ጀምሪ።»

መጀመሪያ ዓይኑ ወጣ፤ ቀጥሎ አንገቱ፣ ደረቱ። ሚጢ ወንበር ስባ ተቀምጣ ታያለች፤ ንዴቷ ገና አልበረደም። ሎጊት የክንፉ ጫፍ ላይ ስትደርስ ግን እጇን ያዘቻት።

«ይቺን አንድ ላባ ነጭ እንደሆነች ተያት፤ ምን እንደታጠበ ይታይ።»

«ሰው ምንድን ነች ቢለኝስ? ቲቸር ቢጠይቀኝስ?»

«ማስረዳቱ ያንቺ ድርሻ ነው» አለች ሚጢ፣ ባልዲውን ልትደፋ እያነሳች።