የቀሩት አራት ገጾች

«ጨረስሽ?» አለች እናቷ ማርሊስ ከወጥ ቤት።

«ጨረስኩ» አለች ሲግኒ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

አልጨረሰችም። የምትገለብጠው አራት ገጽ ይቀራታል። ግን ጓደኛዋ ካያ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በር ላይ ቆማለች፤ የበረዶ ሜዳው ሊዘጋ ነው እያለች ታጣድፋታለች። ሲግኒ የእናቷን አሮጌ መጽሐፍ አልጋዋ ሥር ገፋ አድርጋ ወጣች።

ማርሊስ በአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ትሠራለች። ከበሽተኛ ተወስዶ በስሱ የተቆረጠ ሥጋ ስላይድ በሚሉት ትንሽ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ እሷ መስታወቱን ማሽን ውስጥ እየከተተች ወደ ኮምፒውተር ምስል ትቀይራለች። ሦስት ዓመት በእግሯ ቆማ ሠርታ አሁን ወንበር አምሯታል። ለእያንዳንዱ ሕክምና ለኢንሹራንስ የሚላከውን ኮድ የሚሰጡት ሰዎች ቢሮ ለመግባት ግን ፈተና ማለፍ አለባት። በጸደይ ሞክራ በሦስት ጥያቄ ወድቃለች። ሁለተኛው ሙከራ ቅዳሜ ነው።

ፈተናው ላይ የኮድ መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ጠርዙ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻም እንዲሁ። የተለጠፈ ወረቀት ግን ክልክል ነው። መጽሐፉ ደግሞ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ የኮድ ሰዎች በየዓመቱ የአሮጌውን ማስታወሻ ወደ አዲሱ በእጃቸው ሲገለብጡ ጣታቸው ይዝላል። ማርሊስ ግማሹን እንድትገለብጥላት ለልጇ ሰጥታ ነበር። የቀሩት ገጾች ስላይድ ወደ ምስል ስለ መቀየር የሚናገሩ ስለሆኑ፣ ሲግኒ «ቀኑን ሙሉ ለምትሠራው ነገር ማስታወሻ ምን ያደርግላታል?» ብላ ራሷን አጽናናች።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ አርቪድ እናቷን የፈተና ጥያቄ እየጠየቁ ነበር። አርቪድ ልጃቸው በሳተች ቁጥር ከሳህኗ አንድ ብስኩት ያነሳሉ፤ እስካሁን የበሉት ሁለት ብቻ ነው፤ በዚህም ያማርራሉ።

«ሐኪሙ ለተማሪዎች ማስተማሪያ ብቻ ሃያ ስላይድ በምስል አስነሳ» ሲሉ አነበቡ። «የምስሉን ኮድ ትጨምሪያለሽ?»

«እጨምራለሁ። ሃያውም በማሽን አልፏል።»

«መልሱ አይጨመርም ይላል።»

ማርሊስ ሳቀች። ማሽኑ ፊት ለቆመ ሰው ሁሉም መስታወት ሥራ ነው፤ ለምን እንደተነሳ ማን ይጠይቃል? ስለዚህ ነገር ማስታወሻ እንዳላት ነግራቸው አዲሱን መጽሐፍ ገለጠች። ጠርዙ ባዶ ነው። ወደፊት ገለጠች፣ ወደኋላም ገለጠች።

«ጽፌው ነበር እኮ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ወይስ ልጽፍ አስቤ ነው የተውኩት? ሲግኒ፣ ስትገለብጪ አላየሽም?»

«እንጃ» አለች ሲግኒ።

ማርሊስ መጽሐፉን ዘጋች። በአርባ ስድስት ዓመቷ የገዛ ጭንቅላቷን ማመን ካቃታት የሰው ኮድ እንዴት ልትሰጥ እንደምትችል ጠየቀች። ፈተናውን ደውላ ብትሰርዘውስ? ማሽኑም ቢሆን መጥፎ ሥራ አይደለም። አርቪድ ብስኩት አላነሱም፤ የሚቀልዱበትም ነገር ጠፋባቸው። ሲግኒን ከሁሉም በላይ ያስፈራት ይህ ነበር።

ክፍሏ ገብታ አሮጌውን መጽሐፍ አወጣች። የእናቷ ጽሑፍ እዚያው ነበር፦ «ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ለበሽተኛው ውጤት ከሰጠ ጨምሪ። ለማስተማሪያ ወይም ለማስቀመጫ ብቻ ከሆነ ተይው።» ከሥሩ በደቃቁ ደግሞ፦ «የአባባ ስላይድ፣ መጋቢት። እኔው አነሳሁት። ሐኪሙ ከሩቅ በስክሪን አይቶ ካንሰር አይደለም አለ። ይጨመራል።»

መጋቢትን ሲግኒ ታስታውሳለች። ከአያቷ ጀርባ ትንሽ ነገር ተቆርጦ ነበር፤ ቤት ውስጥ ማንም ያን ያህል አላወራበትም። እናቷ ግን የአባቷን ሥጋ በእጇ ይዛ ማሽኑ ፊት ቆማለች። ከዚያም ቤት መጥታ ለእራት ድንች ጋግራለች፤ የሲግኒንም የሒሳብ የቤት ሥራ አርማለች። ሲግኒ እናቷን በጣም ወደደቻት፤ በራሷም አፈረች።

ማስታወሻውን አሁን ሹልክ ብላ ብትጽፈው ማንም አያውቅም። እናቷ ግን ነገ ስታገኘው ዓይኗም የከዳት ይመስላታል፤ ይህን ጥርጣሬ ይዛ ነው ፈተናው ክፍል የምትገባው።

ሲግኒ መጽሐፉን እንደተገለጠ ይዛ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ጽፈሽዋል። ያልገለበጥኩት እኔ ነኝ። ጨረስኩ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ማርሊስ ገጹን አነበበች።

«ጭንቅላቴ የሄደ መስሎኝ ነበር እኮ» አለች። ልጇን አላቀፈቻትም፤ ግን አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ሳበችላት። «ቁጭ በይና ጻፊ። የታችኛውን ተይው፣ እሱን አልረሳውም።»

ሲግኒ ቁጭ ብላ አራቱንም ገጽ ገለበጠች። የታችኛውንም መስመር አልተወችውም።