የማይጮኸው እርሳስ

እናንተ በሞቀ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ይህን የምታነቡ፣ ወንድማችሁን ወደ ነብር ስትልኩ ምን ዓይነት ጥይት ታስይዙታላችሁ?

የጣውላ ካምፑ አለቃ ቅራቅንቦ አስያዘ። ተራራው ላይ የሰፈሩትን እንጨት ቆራጮች ነብር ከጎጆ አላስወጣ ብሏቸው ነበር፤ ሁለቱን በልቷል። የተላከላቸው አንድ አዳኝ ነው። ጥይቱን የምትሠራለት ደግሞ ሰው ሁሉ «እሳቷ» የሚላት ታናሽ እህቱ ናት። የጠመንጃው አፈሙዝ አርጅቶ ስለሰፋ የሱቅ ጥይት አይሆነውም። አባታቸው ከመሞቱ በፊት በልኩ የናስ ቅርጽ ማውጫ ሠርቶለታል። ከዚያ የሚወጣው ዓረር ለስላሳ መሆን አለበት፤ ሲተኮስ ሰፍቶ አፈሙዙን ካልያዘ ይስታል። መፈተኛውን አባትየው አስተምሯቸዋል፦ ድንጋይ ላይ ጣሉት። ንጹሕ እርሳስ ዱብ ብሎ ዝም ይላል፤ ቅይጥ ይጮኻል።

እሳቷ አለቃው እርሳስ ነው ብሎ የሰጣትን ቅራቅንቦ አቅልጣ በቅርጹ አወጣች። የቀዘቀዘውን ዓረር ድንጋይ ላይ ጣለችው። ቅጭል አለ።

«ይጮኻል» አለች።

«ለነብሩ ልትዘፍኝለት ነው እንዴ?» አለቃው ሳቀ። ሠራተኞቹም ሳቁ።

«ዚንክ አለበት፣ ጌታዬ። ጀልባዎ እንዳያጋድል ሆዱ ውስጥ የተጫነው እርሳስ ንጹሕ ነው፤ ከእሱ ይስጡን።»

«ጀልባዬ ይዝመምልሽ? ሂዱ! አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው እኔ ነኝ!»

በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ነው ያለው። ይህን ያዙልኝ።

ቀለሆቹን በባሩድ ሞልታ ዓረሩን ገጠመች፤ ወጡ። ገደሉ ሥር ሲደርሱ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ መንገዱን ጠርጎ ወሰደው፤ የዛፍ ሥሮች ይዘው እየተንጠለጠሉ ወጡ። ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። እሷ ጥይቱን በላስቲክ ጠቅልላ አናቷ ላይ አድርጋ ገባች። ጎርፉ አነሳት። ወንድሟ በፀጉሯ ጎትቶ አወጣት።

«ነቀልከው እኮ!»

«ሌላ እጀታ የለሽ፣ ምን ላድርግ?»

እያሳሉ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አብረው አልሳቁም።

እሳቷ አንገቷ ላይ ካንጠለጠለችው ከረጢት አንድ ጥይት አወጣች፤ አባቷ በእጁ ከሠራው የቀረው እሱ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ የአባባን አጉርሰው።»

«ሌላ መታሰቢያ የለሽም። መልሺው። እኔ አልስትም፣ አይዞሽ።»

ነብሩ ከጎጆዎቹ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ቁልቁል ያያቸው ነበር። አዳኙ ተንበረከከ፤ አነጣጠረ፤ ተኮሰ። ጭቃው ከቋጥኙ ግራ ተፈናጠረ። እንደገና አጉርሶ ተኮሰ። አሁንም ሳተ። ነብሩ ዘሎ ወደቀበት። እንጨት ቆራጮቹ እየጮኹ መጥረቢያ ይዘው ሲወጡ፣ አውሬው አዳኙን ለቆ ወደ ቋጥኙ ተመለሰ። እሳቷ በሕይወቷ ተኩሳ አታውቅም። ጠመንጃውን አንስታ የአባቷን ጥይት አጎረሰች፤ ያንኑ አፈሙዝ ወደዚያው ቋጥኝ አዞረች። ነብሩ ተንከባሎ ወረደ።

ወንድሟን አቀፈችው። ደሙ በጣቶቿ መሃል ይሾልካል።

«የአባባን ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት፣ ጋሼ።»

«መታሰቢያሽን ልክስሽ ይገባ...» አለ። አልጨረሰውም።

አስከሬኑን ተሸክመው ወረዱ። አለቃውም በቀብሩ ላይ ተነሥቶ፣ ያዘነ ፊት አበጅቶ፣ «ምን ይደረግ፣ አዳኙ ሳተ» አለ። የተቀበረውን ሰው ስሙን ደግሞ ሊቀብረው!

እሳቷ ወደ ፊት ወጣች። ከነብሩ የወጣውን፣ እንደ እንጉዳይ የተዘረጋውን ዓረር መቃብሩ ድንጋይ ላይ ጣለች። ዱብ አለ። ቀጥላ ሳይተኮስ ከተረፈው ጥይት የነቀለችውን ዓረር ጣለች። ቅጭል አለ፤ ሁሉም ሰማ።

ከእንግዲህ «ጌታዬ» ማለት የለም።

«ተጠያቂው እኔ ነኝ ብለህ ነበር። የሰሙህ ሰዎች እነዚሁ ናቸው፤ የሳተው ማን ነው? እዚሁ፣ በፊታቸው መልስ!»