አባቴ እሁድ ጊንጪ መሄድ አለበት

ኢብሳን መጀመሪያ ያየሁት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነው። «ተነሥልኝ» አልኩት። «ስምሽ ተጽፎበታል?» አለኝ። ግን ተነሣ፤ እየሳቀም መቀመጫውን በእጁ ጠራረገልኝ። እኔ ሞኟ በዚያች መጥረግ አለቀልኝ።

ቦታው አምቦ፣ የኦቦ ፈዬራ ሳሎን ነው። ኦቦ ፈዬራ በወጣትነታቸው ኩባ የተማሩ ጡረተኛ የከብት ሐኪም ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ እኔን፣ ኢብሳንና የጊንጪ ጎረቤቴን ሴናን ስፓኒሽ ያስተምሩናል። ትምህርቱ ከማለቁ በፊት እያንዳንዳችን መቼ ምን ማድረግ እንዳለብን አንድ ዓረፍተ ነገር እንናገራለን፤ ታዲያ እውነት መሆን አለበት። «ለውሸት የምታውቁት ቋንቋ ይበቃችኋል» ይሉናል።

ከኢብሳ ጋር ተዋደድን። ከልቤ ወደድኩት። ሽማግሌ እልካለሁ ሲለኝም መጀመሪያ የነገርኳት ለሴና ነበር። አቅፋ ሳመችኝ።

አንድ ሐሙስ ተራው ደረሰና ዓይን ዓይኔን እያየ፣

«ሚ ፓድሬ ትዬኔ ኬ ኢር አ ጊንጪ ኤል ዶሚንጎ» አለ። አባቴ እሁድ ጊንጪ መሄድ አለበት።

ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ! የእናቴ ቤት ጊንጪ ነው... ሌላ ምን ልጠይቅ? ሴና ደግሞ ቅዳሜ ፀጉሯን መሠራት እንዳለባት ተናገረች። ለእኔ ደስታ ልትዋብ መስሎኝ ወደድኳት።

ቅዳሜ በሚኒባስ ቤቴ ገባሁ። ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሥታ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሽማግሌ የሚመጣው በማለዳ ነው።

መጡም። ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ የኢብሳ አባት ከመሃላቸው ሆነው መጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። የተከፈተ በራችንን አልፈው የሴናን ቤት አንኳኩ።

እናቴ ወጥታ በሩን መልሳ ዘጋችው።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፣ ጂቱ ኮ፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ አብራኝ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሴና ቀረች። ኢብሳ የኦቦ ፈዬራ በር ላይ ጠበቀኝ። የእሱና የሴና አባቶች እንደተነጋገሩ፣ እሱም ከእሷ ጋር ከጀመረ ወራት እንዳለፈው፣ ጋብቻው ግን ግድ እንደሆነበት ነገረኝ።

«ደብቄሽ ግን አይደለም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ያን ቀን ልነግርሽ ነበር። በአማርኛ አልወጣልኝም... በኦሮምኛም አቃተኝ።»

«ነገርከኝ እንዴ? ዓይኔን እያየህ በደስታዬ ቀለድክ እንጂ። በየቱም ቋንቋ ስሟን ብትጠራው ኖሮ እናቴ በሯን አትከፍትም ነበር።»

ጥዬው ገባሁ።

እሱም ተከትሎኝ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። መጨረሻ ላይ ኦቦ ፈዬራ የእኔን ዓረፍተ ነገር ጠየቁኝ። ቀና ብዬ ተናገርኩ።

«ኦይ ኖ ቴንጎ ኬ ኤስፔራር አ ናዲዬ።»

ዛሬ ማንንም መጠበቅ የለብኝም።

ኦቦ ፈዬራ መነጽራቸውን አውልቀው እኔን አዩ፤ እሱንም አዩ። እውነት መሆኑን ግን አልጠየቁኝም።

«ጋሪዳ» አሉኝ ቀስ ብለው በኦሮምኛ። ጥሩ ነው።

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ወንበሬን ለሚፈልገው ተውኩለት።